ቦታው ሲሸነሸን ስለ ውሃው የሚጠይቅ አለ?

የቱሉ ዲምቱዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣም ሌሊት ነው፤ ግፊቱ ምድር ላይ ላሉት ይበቃና እኛ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ሁላችንም ሮቶ ገዝተናል። አንዳንዱ ፓምፕ ገጥሞ በቀጥታ ከመስመሩ ይስባል፤ እሱ ሲስብ ጎረቤቱ ባዶ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ሰላምታ ያቋረጡ ሰዎች አሉ።

የጻፍኩት ግን ለማማረር አይደለም። ከተማውን ከሚያጠጡት ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ያሉት እዚሁ እኛ አካባቢ፣ አቃቂ ነው። ውሃ ላይ ተቀምጠን ውሃ እንጠብቃለን። በዚያ ላይ በዙሪያችን ያለው መሬት በየዓመቱ እየተሸፈነ ነው። መጋዘን፣ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ሌላ ብሎክ። ቀያዮቹ ኮረብታዎች ደግሞ እየተቆፈሩ ነው። ከመስኮቴ ከሚታዩኝ አንዱ ግማሹ የለም። ኤክስካቫተሩ ከጠዋት ጀምሮ ይጭናል፣ ሲኖትራኮቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከኮረብታው የሚወጣው ቀይ ጠጠር፣ ሬድ አሹ፣ ለመንገድ ሙሌት ይሄዳል።

አንድ ቦታ ለመኖሪያ ወይም ለፋብሪካ ሲመረጥ ቀድሞ «ውሃው ከየት ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? «ይህ መሬት እስከ ዛሬ ለውሃው ምን ይጠቅም ነበር?» ብሎ የሚጠይቅስ? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

ጉድጓድ ቆፋሪው

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሪግ፣ የጉድጓድ መቆፈሪያው ማሽን፣ ላይ ነው፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

የአዲስ አበባ ውሃ አንዱ ከግድብ ነው። ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ በ1991 ዓ.ም. ተሠሩ። ሌላው ከከርሰ ምድር ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች በብዛት ሥራ የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የተጨመረለት ውሃ በአብዛኛው ከጉድጓድ ነው። መጀመሪያ ከመቶ ሜትር አለፍ ሲል ጥሩ ውሃ ይገኝ ነበር። አሁን 300፣ 400፣ ከዚያም በላይ የሚቆፈርበት ቦታ አለ።

አቃቂ ሥር ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የተሰነጣጠቀና ቀዳዳ የበዛበት ባዛልት አለ። በመሃሉ ስኮሪያ አለ፤ አንቺ ሬድ አሽ ያልሽው ማለት ነው። ውሃውን የያዘው ይኼ ነው። የሚሞላው ግን አቃቂ ላይ በሚዘንበው ብቻ አይደለም። ከእንጦጦ ተዳፋት፣ ከመሃል ከተማም ሳይቀር የሰረገው በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

አሁን መሬቱን እዪው። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጥና ይዘጋል፤ ብዙ ውሃ አያሳልፍም። ቀዩ ኮረብታ ግን እንደ ወንፊት ነው። ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ እንኳ እላዩ ላይ ጎርፍ አታዪም፤ ገብቷል። ስለዚህ ኮረብታው ተጭኖ ሲያልቅ ዝናቡ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታም አብሮ ይሄዳል። የቀረው ጉድጓድ ክፍት ሆኖ ሲተው ደግሞ ቆሻሻ መድፊያ ይሆናል። ያኔ ቆሻሻው በዚያው መንገድ ይሰርጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ የተበከለ ከርሰ ምድር በአንድ ሰው ዕድሜ አይጠራም።

ሒሳቡን ልንገርሽ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሄክታር ላይ 12 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ሁሉም አይሰርግም። ፀሐይ የምታተነው አለ፣ ሣርና ዛፍ የሚጠጣው አለ፣ በወንዝ የሚሄድ አለ። መሬቱ ጣሪያና አስፋልት ሲለብስ ግን አብዛኛው ቱቦ ውስጥ ይገባና ወዲያው ትልቁ አቃቂ ወይም ትንሹ አቃቂ ላይ ነው። ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ሲሄድም ወንዝ ዳር ያለውን የሰው ቤት ይዞ ይሄዳል።

በአንድ በኩል ጠልቀን እንቆፍራለን፤ በሌላ በኩል የሚሞላበትን እንዘጋለን።

ቤት ፈላጊ

ሁሉንም አነበብኩ። ከይቅርታ ጋር፣ ይኼ ወሬ ቤት ላለው ሰው ደስ ይላል። እኔ ከደመወዜ ላይ እየቆጠብኩ ዕጣ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። ሁለት ልጆች ይዤ አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ። «ውሃ ስለሌለ እዚህ ቤት አይሠራ» ከተባለ እኛ የት እንሂድ? ከተማው አያቆምም፤ ሰው መምጣቱን አያቆምም።

ደግሞ ውሃ የለም ማለት ምን ማለት ነው? ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉ ግድቦች በሰሜን በኩል እንደሚሠሩ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። እነሱ ይሠሩ። መፍትሔው ግድብ ነው፤ ቤት መከልከል አይደለም።

የቱሉ ዲምቱዋ

ቤት ፈላጊ፣ ወንድሜ፣ ቤት አይሠራ አላልኩም። እኔም ያለሁት በዕጣ በወጣልኝ ቤት ነው። የምለው የት እንደሚሠራ ሲወሰን ውሃው አብሮ ይታይ ነው። ዕጣው ሲወጣልህ አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን ተሸክመህ እንድትወጣ አልፈልግም።

ጉድጓድ ቆፋሪው

ግድቦቹ ይሠሩ፣ እኔም እላለሁ። ግን ግድብ ሲሠራ ሁልጊዜ ከላይ ሰው አለ። ከግድቡ በላይ ያለው መሬት ካልተጠበቀ ግድቡ አፈር ነው የሚጠራቀምበት። አባ ሳሙኤልን ሂዱና እዩት። የከተማው ፍሳሽና ደለል ወርዶ ወርዶ ሐይቁ በእምቦጭ ተሸፍኗል። ትላንት የተጀመረ ነገር አይደለም።

ከለገዳዲ ማዶ

ስለ እኛ እያወራችሁ ስለሆነ እኔም ልግባ።

የተወለድኩት ለገዳዲ ግድብ ውስጥ ውሃ ከሚገባበት አቀበት ላይ ነው። አባቴ አሁንም ያርሳል። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላ። መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ ክረምት ላይ ገና ሐምሌ ሲጋመስ ቦዩ ሁሉ ጭቃ ይዞ ወደ ግድቡ ይወርዳል። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሚሄደው የእሱ አፈር ነው። ማጣሪያው ያንን ድፍርስ ለማጥራት ብዙ ኬሚካል እንደሚጨርስም እናውቃለን። ዘመዶቻችን እዚያ ተቀጥረው ሠርተዋል።

ባለሙያ መጥቶ ያስተምረናል። እርከን ሥሩ፣ ወንዝ ዳር ማረስ ይቅር፣ ከብቱን አስራችሁ ቀልቡ፣ ዛፍ ትከሉ። ትክክል ነው። ግን አንድ ማሳ ላይ እርከን ሲሠራ የሚታረሰው መሬት ይጠባል። ወንዝ ዳር ያለውን ስትተው ምርጡን ትተዋለህ። ያ የተተወው እህል በማን ኪሳራ ነው? በአባቴ። ጥቅሙስ የማን ነው? ቧንቧ የሚከፍተው ሰው።

ሌላውን ልንገራችሁ። የአባቴ መሬት እርሻ ሆኖ ቢቀር የሚጠቅመው ከተማውን ነው። አባቴን የሚጠቅመው ግን ቤት ሠሪ ቢመጣለት ነው። በሕግ መሬት አይሸጥም። ግን በደላላ፣ በውል ወረቀት፣ በሌሊት የሚሠራው የጨረቃ ቤት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤታችን ቆርሶ ሰጠ፤ ልጁን ዐረብ አገር ላከበት፣ ቆርቆሮ ቤቱን በብሎኬት ቀየረበት። አባቴ ያንን እያየ «ለከተማው ውሃ ብዬ እጠብቃለሁ» እንዲል ነው የምትፈልጉት?

በመንግሥት ሲነሳ እንኳ ካሳ አለ። በድሮው አዋጅ 455/1997 የዓመት ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ 1161/2011 15 እጥፍ ሆኗል። ትንሽ ነው ብለን ብንከራከርም ቁጥር አለው። ሳይነሳ መሬቱን ለእናንተ ውሃ ጠብቆ የኖረ ገበሬ ግን ቁጥር የለውም። ዜሮ ነው።

ፕላን ክፍል የነበርኩ

ከለገዳዲ ማዶ ያልከው ነገር እዚህ ውይይት ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ዋናው ነው። ብዙ ዓመት ፕላን ሠርቻለሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማው መዋቅራዊ ፕላን አለው። ከዚያ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ ሰፈሩ ምን እንደሚመስል በዝርዝር የሚወስነው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ 30፣ 30፣ 40 የሚባል መርሕ አለ። 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለሕዝብ የጋራ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። እኔን ሁልጊዜ ሲቆጨኝ የኖረው ያ 30 በመቶ አረንጓዴ የት ይሁን የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሚሆነው ለግንባታ ያልተመቸው ነው፤ ገደሉ፣ የወንዙ ዳር፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተረፈው ቁራጭ። ቆፋሪው የጠቀሰው ቀይ ኮረብታ ለግንባታም ለቁፋሮም ስለሚመች ቀድሞ ይሄዳል። ውሃ የሚሰርግበት መሬት ካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ነው የሚገባው።

የውሃ ሰዎች የሚጠሩትስ መቼ ነው? ቦታው ከተወሰነ በኋላ። «ይህን ያህል ሺህ ቤት ይመጣል፣ መስመር ዘርጉ» ይባላሉ። «እዚህ ነው ወይስ እዚያ?» በሚባልበት ጠረጴዛ ላይ የሉም፤ ቢኖሩም አንድ ሰው ነው፣ እሱም ቧንቧ እንጂ ከርሰ ምድር የማይመለከተው።

ሁለተኛው ጣጣ ወሰን ነው። ግድቦቹ ያሉት ከከተማው አስተዳደር ውጭ ነው። እንጦጦን ተሻግሮ የሚዘንበው ወደ አባይ ተፋሰስ ይሄዳል፤ ወደ እኛ የሚወርደው የአዋሽ ነው። ዝናቡ የክልል ወሰን አያውቅም፤ ፕላኑ ግን ወሰኑ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ባንድ ላይ ያቀደው ማስተር ፕላን ምን እንዳስከተለ ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙ ሰው ሕይወቱን ካጣ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ። ገበሬው የፈራው መሬቱን ነው። ማንም ቁጭ ብሎ «አንተ ምን ታገኛለህ?» ብሎ አልጠየቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ «የጋራ ፕላን» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያስደነግጣል። ውሃው ግን የጋራ ሆኖ ቀጥሏል።

ከለገዳዲ ማዶ፣ ለጥያቄህ አንድ ምሳሌ አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ውሃ የሚመጣው ከሩቅ ተራራማ የእርሻ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተማው በብዙ ቢሊዮን ዶላር ግዙፍ ማጣሪያ ከመሥራት ወይም ላይኛውን መሬት ከመጠበቅ አንዱን መምረጥ ነበረበት። በ1997 ከላይኞቹ ወረዳዎች ጋር ተዋዋለ። ከተማው መሬት በፈቃደኝነት ይገዛል፣ የገበሬውን በረት ከወንዝ ለማራቅ ይከፍላል፣ የመንደሮቹን ፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራል። ገንዘቡ የሚመጣው ከተማ ውስጥ ቧንቧ ከሚከፍተው ሰው የውሃ ሒሳብ ላይ ነው። እዚያም መጀመሪያ ጠብ ነበር። ላይኛዎቹ ክስ መሥርተው ነበር። የተስማሙት ክፍያው ሲጻፍ ነው።

ሐረማያ ያደግሁ

ይህን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ሐይቅ ነበረን። ሐረማያ። ጀልባ የሚሄድበት፣ ዓሣ የሚወጣበት፣ ዳክዬ የሚርመሰመስበት። ለሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት ውሃ የተሳበው ከእሱ ነው። ከተሞቹ አደጉ፣ ዩኒቨርሲቲውም አደገ፤ ሁሉም ከአንድ ሐይቅ። በዙሪያው ጫትና አትክልት በፓምፕ ይጠጣ ነበር። ኮረብታዎቹ ተራቁተው ስለነበር በየክረምቱ አፈሩ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቦይ ተከተለው። ውሃው በሸሸበት የሐይቁ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮም ሳበ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ አለቀ። ሐይቁ የነበረበት ላይ ከብት ሲግጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልብ በሉ፣ ማንም ሐይቁን ላድርቅ ብሎ አልተነሳም። ጫት የተከለው ልጁን ለማስተማር ነው። ከተማውም ሕዝቡን ለማጠጣት ነው የሳበው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ልክ ነበር። ሁሉንም ደምሮ «ሐይቁ ይህን ያህል ይችላል፣ ከዚህ በላይ አይችልም» የሚል ግን አልነበረም።

ሐረር ለዓመታት በቦቴ ኖረች። አህያ ላይ የተጫነ ቢጫ ጀሪካን የከተማው መልክ ሆኖ ነበር። በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች፣ ከቆላ ወደ ደጋ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ በፓምፕ እንዲመጣ ተደረገ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ይጠፋል። በእግር የሚደረስ ሐይቅ የነበረው ሰው ነው ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣው።

ቤት ፈላጊ፣ «ግድብ ይሠራ» ስትል የገባኝ ይኼ ነው። ሌላ ቦታ ሁልጊዜ ያለ ይመስለናል።

በቅርብ ዓመታት ኮረብታው ላይ ሥራ ተሠርቶ፣ ዝናቡም አግዞ፣ ሐይቁ ውስጥ ውሃ ተመልሷል። ያየሁት ቀን አልቅሻለሁ። እንዳይደገም ደግሞ እፈራለሁ፤ ፓምፖቹ አሁንም አሉ።

ደቻቱ ዳር

ከሐረማያዋ እህቴ ቀጥዬ ልበል፣ ጎረቤት ነንና። ከላይ ያለው መሬት ሲራቆት ታች ያለው የሚያገኘው ጥማት ብቻ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ዳሩ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ገበያ ዘርግቶ ይኖር ነበር። ጎርፉ ሰው ተኝቶ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ያ የአሸዋ መሬት ካርታ ላይ «ባዶ» ነበር።

ቬጋስ ያለሁ

ሰላም፣ ከላስ ቬጋስ ነው። እዚህ ብዙ ነን። ታክሲና ሊሙዚን የሚነዳው፣ ካሲኖ የሚሠራው፣ ምግብ ቤት የከፈተው ሐበሻ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ይህ ከተማ በረሃ ነው። በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ውሃው በአብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሚድ ሐይቅ ነው። ከተማው ላለበት ለኔቫዳ ግዛት የተመደበው ድርሻ ከድሮ ጀምሮ የተቆረጠ ነው፤ ሰው ስለበዛ አይጨመርም። ስለዚህ ከተማው ማደግ ከፈለገ ያለውን ማብቃቃት አለበት።

ምን ያደርጋሉ? ቤት ውስጥ የተጠቀምንበት ውሃ፣ የሻወሩም የሽንት ቤቱም፣ ተጣርቶ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የመለሱትን ያህል እንደገና መሳብ ይፈቀድላቸዋል። የሚጠፋው ውጭ የሚፈሰው ነው፤ ሣር ላይ። ስለዚህ ሣር ላይ ዘመቱ። ሣርህን ነቅለህ በረሃ የሚችል ተክል ብትተክል በካሬ ይከፍሉሃል። እኔ የምኖርበት ግቢ አስነቅሏል፤ አሁን ጠጠርና ቁልቋል ነው። ከ2003 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ ቤት ፊት ለፊት ሣር መትከል አይችልም። በ2021 ደግሞ ሕግ ወጣ፤ መንገድ አካፋይና የመሥሪያ ቤት በር ላይ ለጌጥ ብቻ ያለ ሣር ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ አይጠጣም። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ሰው በብዙ መቶ ሺህ ሲጨምር የሚወስዱት ውሃ ቀንሷል።

የቱሉ ዲምቱዋ፣ ያንቺን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ግን ጎረቤታችን የአሪዞና ግዛት ነው። እዚያ በ1980 የወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ አለ። ፊኒክስና ሌሎች ትልልቅ ከተሞች አካባቢ መሬት ሸንሽኖ ቤት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ለ100 ዓመት የሚበቃ ውሃ እንዳለው ማሳየት አለበት። ካላሳየ መሸጥ አይችልም። በ2023 የፊኒክስ ከርሰ ምድር ሲሰላ ለሁሉም እንደማይበቃ ታየ። በጉድጓድ ውሃ ብቻ ለሚተማመኑ አዳዲስ ሰፈሮች ያንን ማረጋገጫ መስጠት አቆሙ። ሌላ ውሃ ካመጣህ ትሠራለህ። ቀድሞ የተፈቀደላቸው ቀጠሉ።

ሁሉም የተስተካከለ ነው እያልኩ አይደለም። ከእነዚያ ከተሞች ወጣ ስትል ሕጉ አይሠራም፤ ትልልቅ እርሻዎች እንደፈለጉ ይስባሉ፣ የድሃው ጉድጓድ ይደርቃል። ግን ጥያቄው ሕግ ውስጥ ተጽፏል። በረሃ ላይ ያለ ሰው ይህን ከጠየቀ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት አገር ያለ ሰው ለምን አይጠይቅም?

ቤት ፈላጊ

ሐረማያ ያደግሽው እህቴ፣ የጻፍሽው አሳዝኖኛል። ግን አንድ ነገር ፍቀዱልኝ። የአሪዞናው ደንብ እዚህ ቢመጣ መጀመሪያ የሚቆመው የእኛ የድሆቹ ቤት ነው። የባለሀብቱ ፋብሪካ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀጥላል። ይህን ማን ያስቆመዋል?

ፕላን ክፍል የነበርኩ

ስጋትህ ትክክል ነው። ሕጉ ግን ካንተ ጋር ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል ይላል። ለፋብሪካ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ደንቡ «ቤት አይሠራ» አይሆንም፤ «ቤቱ ከፋብሪካው ይቅደም» ነው የሚሆነው። ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ላይ የተሠራ ሰፈር በየቦታው ከተበተነ ቪላ ያነሰ መሬት ይሸፍናል። ኮንዶሚኒየም የውሃ ጠላት አይደለም። የተሳሳተ ቦታ ላይ መሠራቱ ነው ችግሩ።

ጉድጓድ ቆፋሪው

በዚህ ላይ ልጨምር። በግል የሚቆፈረው በዝቷል። ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ ሪል ስቴቱም። ቆፍሬላቸዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ጉድጓዶቹ በጣም ሲቀራረቡ ግን አንዱ ሲሳብ የሌላው ይወርዳል። ሁለቱም ፓምፓቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ መብራታቸው ይጨምራል። ጠልቆ መቆፈር የማይችለው ደግሞ ይደርቅበታል። ፈቃድ ሰጥቶ መተው አይበቃም፤ ቆጣሪ ገጥሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

የቱሉ ዲምቱዋ

ብዙ ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የብሎካችን ኮሚቴ የጣሪያ ውሃ እናጠራቅም እያለ ነው። ያዋጣል? ሁለተኛ፣ ከእኛ አጠገብ ስለሚሠራ አዲስ ሳይት ወረዳው ነዋሪ ሰብስቦ ሊያወያይ ነው። እጄን አውጥቼ ምን ልበል?

ጉድጓድ ቆፋሪው

የጣሪያውን እኔ ልመልስ። 100 ካሬ ጣሪያ በአዲስ አበባ ዝናብ፣ የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብትቀንሺ እንኳ፣ በዓመት 96,000 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ችግሩ አብዛኛው የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ በጥቂት ኃይለኛ ዝናብ ይሞላል፤ ከዚያ ይፈሳል። ክረምቱ ሲወጣ በቀን 200 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ በ50 ቀን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዓመቱን አያደርስም። ለሽንት ቤት፣ ለልብስ፣ ለወለል ከሆነ ግን ከቧንቧው ላይ ብዙ ያቃልላል። ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ድፉት፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ለመጠጥ አታድርጉት።

ሞልቶ የሚፈሰውን መንገድ ላይ አትልቀቁት። የማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድንጋይና ጠጠር ሙሉበት። ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ግን አይሠራም፤ ውሃው ቆሞ መሠረቱን ያበላሻል። ከሽንት ቤት ጉድጓድም አርቁት። መጀመሪያ አንድ ሜትር ተኩል ቆፍራችሁ አንድ በርሜል ውሃ ድፉና እዩት። እስከ ማግስቱ ካልሰረገ ተዉት።

ፕላን ክፍል የነበርኩ

ለስብሰባው። «ውሃ ጠፋብን» ብለሽ አትጀምሪ። ይህን ሁሉም ይላል፤ መልሱም «በቅርቡ ይስተካከላል» ነው። ካርታውን ጠይቂ። አዲሱ ሳይት የተቀመጠው ቀዩ ኮረብታ ላይ ነው ወይስ ጥቁሩ ሜዳ ላይ? ከጉድጓዶቹ ምን ያህል ይርቃል? ፍሳሹስ የት ይሄዳል፤ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚወስደው መስመር አብሮ ይዘረጋል ወይስ በየግቢው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በሴፕቲክ፣ ሊቀር ነው? ጉድጓድ አጠገብ ሴፕቲክ ማለት የሚጠጣው ውሃ ውስጥ መልቀቅ ነው። ከዚያ ለአዲሶቹ ቤቶች የሚሰጠው ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደሆነ በስም ይነገረን በዪ። አሁን ካለው መስመር ላይ ከሆነ የሚቀነሰው ከማን እንደሆነ ይነገር። መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ካልሰፈረ አልተባለም።

ከለገዳዲ ማዶ

እኔም አንድ ጥያቄ ልስጥሽ። ከውሃ ሒሳባችሁ ላይ በኪዩቢክ ሜትር ጥቂት ሳንቲም ተቆርጦ ከግድቡ በላይ ላሉት ገበሬዎች ይሁን ቢባል ነዋሪው ይስማማ እንደሆነ እዚያው ጠይቂልኝ። የኒው ዮርኩን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። «እርከኑን ድሮም እሠራለሁ፤ የወንዙን ዳር ግን ከከፈሉኝ ነገ እተወዋለሁ» ነው ያለኝ።

ቤት ፈላጊ

እኔ እስማማለሁ። ጠይቂላቸው።

ጉድጓድ ቆፋሪው

አንድ የቀረ ነገር። የአቃቂ ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ የሚለካ ነገር ነው። ያለፉትን ዓመታት ልኬት ጠይቂ፤ ስንት ሜትር ላይ ነበር፣ አሁን ስንት ላይ ነው? ስብሰባው ላይ ካልተመለሰ በጽሑፍ አስገቢ። በአዋጅ 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱ ላይ ማኅተም አስደርገሽ ያዢ። ቁጥሩን ስታገኚ እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናነበዋለን።